ከስትሮክ በኋላ ኤን.ኤፍ.ኤል ከፍ ማለቱ የመርሳት በሽታ ይመጣል ማለት ነው?

ጠያቂ (ነርስ፣ የክትትል ክሊኒክ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚው 63 ዓመታቸው ነው፤ የደም ሥር ተዘግቶ ስትሮክ ካጋጠማቸው አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። እጅና እግራቸው እየተሻለ ነው፤ ግን መድኃኒት ይደባለቅባቸዋል፣ የተነገራቸውን ወዲያው ይረሳሉ። ልጆቻቸው ደም ውጭ አገር ልከው ኒውሮፊላመንት ላይት (ኤን.ኤፍ.ኤል) አሠሩላቸው፤ ለዕድሜያቸው ከተቀመጠው ጣሪያ እጥፍ ሆኖ መጣ። ሲ.አር.ፒም (በሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር የሚጨምር የደም ምርመራ) 22 ነው። ቤተሰቡ በጣም ደንግጧል። ምን ልበላቸው? መቼስ ይደገም?

መልስ (የነርቭ ሐኪም)
ሲስተር፣ ከዚህ ቁጥር ተነስቶ የመርሳት በሽታ ይመጣል አይባልም። ኤን.ኤፍ.ኤል የነርቭ ክር ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ከስትሮክ በኋላ በቀናት ውስጥ ይጨምራል፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በወራት ቀስ እያለ ይወርዳል። በአምስተኛው ሳምንት የተቀዳ ደም በዋናነት የሚያሳየው የተጎዳውን ቦታ ስፋት ነው። ከስድስት ወር በኋላም ካልወረደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ትንንሾቹ የአንጎል ደም ሥሮች መጎዳታቸውን ሊያመለክት ስለሚችል ከኤም.አር.አይ ጋር ይታያል። በብዙ ሰው ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከፍተኛ ኤን.ኤፍ.ኤል ከአእምሮ መዳከም ጋር አብሮ ይታያል፤ የአንድን ሰው መጪ ዕጣ ለመናገር ግን አይበቃም።

ኩላሊታቸውስ? ኩላሊት ሲደክም ኤን.ኤፍ.ኤል ከፍ ይላል፤ በስኳር የተጎዳ የእግር ነርቭም እንዲሁ። ውፍረት ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)
ሲደገም እዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው መሣሪያ ይሁን። የሁለት መሣሪያ ቁጥር አይወዳደርም። ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ኢዲቲኤ ቱቦ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ይቀዳ፣ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በቶሎ ተለይቶ ይቀዝቅዝ። ኤን.ኤፍ.ኤል መዘግየትን በመጠኑ ይችላል፤ አሚሎይድ ቤታ (ከአልዛይመር ጋር የተያያዘው ፕሮቲን) ግን አይችልም። ሲቆይ ይወርዳል፣ ከቱቦው ግድግዳም ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ያልተሠራ ዕቃ አትጠቀሙ።

የሲ.አር.ፒ አሃዱን እዩልኝ። ሚሊግራም በሊትርና በዴሲሊትር መካከል የአሥር እጥፍ ልዩነት አለ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። 22 በሊትር ከሆነ መጀመሪያ ኢንፌክሽን ይፈለግ፦ ሽንት፣ ምግብ ትን ብሎ የመጣ የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስል። ከታከመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሲ.አር.ፒው ይደገም። ኢንፌክሽን ራሱ አእምሮን ያደበዝዛል።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)
ገንዘቡ ኤን.ኤፍ.ኤል ላይ ከሚጠፋ ቫይታሚን ቢ12፣ ቲ.ኤስ.ኤች (የታይሮይድ ምርመራ)፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ሶዲየም ይሠራ። ድብርትም ይጠየቅ፤ ከስትሮክ በኋላ ብዙ ነው፣ መርሳት ይመስላል፣ ይታከማልም። የማስታወስ ፈተናው (ሞካ) በሦስተኛው ወር ይሰጥ። ትምህርታቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይጨመራል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው «ሞካ ቤዚክ» አለ። ቀኝ እጁ የዛለ ሰው ሰዓት መሳል ቢያቅተው የአእምሮ ድካም ነው ብላችሁ እንዳትመዘግቡ። ንግግር የጠፋበትም ሰው በዚህ ፈተና አይመዘንም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፊልን።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ክሬቲኒን 1.9 ነው። ለእንቅልፍ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ይወስዳሉ። ሽንታቸው አልታየም።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)
እንግዲህ ለኤን.ኤፍ.ኤሉ መናር ኩላሊቱም ድርሻ ይኖረዋል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የማስታወስ ችሎታን የሚያደክም፣ ሽንትንም የሚያቆም መድኃኒት ነው። ያዘዘው ሐኪም ወደ 10 ዝቅ አድርጎ ቀስ በቀስ ያስቁማቸው፤ በድንገት አይቋረጥ። ሽንቱ ዛሬውኑ ይታይ፣ ፊኛቸው ሞልቶ እንደሆነም ሆዳቸው ይዳሰስ። የደም ግፊታቸው ከ130/80 በታች እንዲሆን ይሠራ። መድኃኒቱን የቀን የቀኑን ለይቶ የሚሰጥ አንድ የቤተሰብ አባል ይመደብ፤ ኤን.ኤፍ.ኤል በስድስተኛው ወር ይደገማል።