ወላጅ እናትየዋን እንዴት እንያዛት? (ጉዲፈቻ፣ ባህር ዳር)

ሽምብጥ ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም፣ አሁን የሁለት ወር ሴት ልጅ በጉዲፈቻ ልንወስድ ነው። እናትየዋ ከዘጌ የመጣች ልጅ እግር ናት፣ ሰው ቤት እየሠራች ነው ያረገዘችው፣ አባትየው የለም። ዘመድ ቤት ተጠግታ እስካሁን እያጠባቻት ነው፣ ፍርድ ቤትም ገና አልቀረብንም። ባለቤቴ ከተፈረመ በኋላ ባትመጣ ይሻላል ልጅቷ ግራ ትጋባለች ይላል፣ አማቴ ደግሞ ትንሽ ብር ይዛ አገሯ ትግባ እያሉ ነው። ባለፈው ስንሄድ ልታሳቅፈኝ ብላ የራሷን ነጠላ ጠቅልላባት ሰጠችኝና ቡና ላፍላ ብላ ወጣች፣ ስትመለስ ቡናም አልያዘችም። እኔን አላስቻለኝም። ምን ይደረግላታል? ብር ልስጣት? ትምጣ ልበላት? ሕጉስ ምን ይላል?

ጥቁር ካባ፦
እህቴ ብሩን ለአሁኑ ተይው። ዳኛው ፊት ፈቃድሽ ነው ወይ ተብላ ትጠየቃለች፣ ከዛ በፊት ብር ከተቀበለች ፈቃዷ ፈቃድ አይደለም፣ ሰፈሩም ልጇን ሸጠች ነው የሚላት፣ ይሄ ስም ደግሞ አይለቅም። ዝምድናን በተመለከተ ባለቤትሽ ተሳስቷል፣ የቤተሰብ ሕጉ አዋጅ 213/1992 አንቀጽ 183 ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም ነው የሚለው፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ነው የጉዲፈቻው ቤተሰብ የሚቀድመው። ይሄ የፌዴራሉ ነው፣ ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እሱንም ጠበቃ ያሳያችሁ። ሌላው፣ የናንተ ወገን ያልሆነ ሰው ብቻዋን ያነጋግራት፣ ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሄዳ ማኅበራዊ ሠራተኛ ታግኝ። ኪራይና ሥራ ብታገኝ ራሷ ታሳድጋት እንደሆነም ትጠየቅ። ላንቺ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ይሄ ሳይጠየቅ የተፈረመ ነገር ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ሲስተር ከፔዳ፦
ሕጉን ተናገራችሁ፣ ጡቷስ? የምታጠባ ሴት ልጇ ድንገት ስትወሰድ ጡቷ ሞልቶ ይጠጥርባታል፣ የሚያስለቅስ ሕመም ነው፣ እሷ ደግሞ አፍራ ለማንም አትናገርም። ቢቻል አንድ አንድ ማጥቢያ እየቀነሱ ቀስ ብሎ ይሁን። በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ማሰር የሚሉትን አትስሙ። ሲያማት እስኪቀልላት ያህል ብቻ በእጇ ታውጣ፣ ሙልጭ ካደረገችው ሰውነቷ ይብሱን ያመርታል፣ ቀዝቃዛ ፎጣም ታድርግበት። ቀልቶ ካቃጠላትና ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ። እንቅልፍ ካጣች፣ እህል አልበላም ካለች፣ ከሰው ከሸሸች ደግሞ እንደ ሐዘንተኛ ያዟት፣ ሐዘን ላይ ናት እኮ፣ ልዩነቱ ለቅሶ የሚደርሳት ሰው የለም።

አባይ ማዶ፦
እኔ በበኩሌ አትቅረብ ባይ ነኝ። ዛሬ ልያት፣ ነገ ብር ጎደለኝ፣ ከነገ ወዲያ ልጄን መልሱ።

የወረታው፦
@አባይ ማዶ አቦ ተው እንጂ። የአክስቴ ልጅ የውጭው ጉዲፈቻ በ2010 ሳይከለከል በፊት ነው የሄደው፣ ደላላው ፎቶ ይመጣል፣ ሲያድግ ተምሮ ተመልሶ ይጦርሻል ብሎ ነው አክስቴን ያስፈረማት፣ ለዘላለም የሌላ ሰው ልጅ እንደሚሆን የነገራት የለም። አንድም ፎቶ አላየችም። ፈረንጅ የያዘ መኪና በመጣ ቁጥር በር ላይ ትቆማለች። ቅርብ ሆና ብታየውማ ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር። ብቻ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡላት፣ በዓል በዓል ብቻ ከሆነ የምትመጣው በዓል በዓል በሏት፣ ሁሌ ነይ ብሎ በር መዝጋት ነው የሚገድለው።

ሽምብጥ ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አስነበብኩት፣ የ183ቱን ነገር ሁለቴ አነበበው፣ ምንም አላለም ግን ቢሮው አብረን እንሄዳለን ብሏል። ብቻ ሌላ ነገር መጣ፣ ልጅቷ 80 ቀኗ ሊደርስ ነው፣ ክርስትናው እኛ ቤት እንዲሆን አማቴ እየተዘጋጁ ነው። እናትየዋ ብትመጣ ነውር ይሆናል?

ሲስተር ከፔዳ፦
ምን ነውር አለው፣ እሷም እኮ አራስ ናት፣ ቤተክርስቲያን የምትገባው ያን ቀን ነው። ራሷ ታቅፋ ትውሰዳት፣ ክርስትና እናቷንም እሷ ትምረጥ። ፍርድ ቤቱን ከዛ በኋላ አድርጉት፣ ለአማትሽም ባለቤትሽ ይንገራቸው፣ አንቺ አትጋፈጪ።