ቦይለር ሊቀይር ላሰበ ጥቆማ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ላላችሁ፣ በተለይ ቦይለራችሁ ዕድሜው ለገፋ።

መጀመሪያ ምኑ እንዳረጀ ለዩ። ውሃው ለብ ብቻ ካለ ወይም ብሬከር እየጣለ ካስቸገረ፣ ብዙ ጊዜ ጣጣው የሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) ወይም የቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ነው። መርካቶ ለየብቻ ይሸጣሉ። አሮጌውን አስፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ቢነግሩት ልኩ አይገኝም። የኛ ሬዚስታንስ ሲወጣ ነጭ ጨው ጋግሮበት የሸንኮራ አገዳ ያህል ወፍሮ ነበር። እግረ መንገዳችሁን የማግኒዚየም ዘንጉንም አሳዩ። ዝገቱ በርሜሉን ትቶ እሱን እንዲበላ የገባ ነው፤ ካለቀ ይቀየር። በርሜሉ ራሱ ከሥር ቀይ ውሃ ጠብ ጠብ ካደረገ ግን አበቃ። «በብየዳ እንመልሰዋለን» የሚል ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ኢንስታንት ሻወር፣ ማለትም ያለ በርሜል ውሃውን ሲያልፍ የሚያሞቀው፣ ዋጋው ያጓጓል። ግን 5 ኪሎዋት የሚስበው በ220 ቮልት 23 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። የድሮ ቤት ሽቦ ይህን አይችልም። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ኧርዝ ካላስገባችሁ ይቅርባችሁ። ቆጣሪ ለምትጋሩማ ጭራሽ አልመክርም፣ ጠብ ነው ትርፉ።

ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ያው ቦይለር ነው። 80 ሊትሩ በ1500 ዋት ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይም ይበላል። ከ2017 ወዲህ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ለሁለት ሰው 50 ሊትር ይበቃል።

የራሳችሁ ጣሪያ ካለ የኔ ምርጫ ውሃውን በፀሐይ የሚያሞቀው ሶላር ነው። ለክረምት ደመና የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ያለውን ውሰዱ። ባለ መስታወት ቱቦው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩ ባዶውን ፀሐይ ሲመታው ይውልና፣ በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲገባበት ቱቦው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ሮቶ የግድ ነው፣ እሱም ከሶላሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ውሃ ካለቀበት ማታ ሙሉት።

ሂት ፓምፕ የአየሩን ሙቀት እየሳበ ስለሚሠራ የቦይለሩን ሲሶ ያህል መብራት ቢበቃው ነው። ግን እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰርና ጋዝ አለው፤ ጠጋኙን ሳታገኙ ዕቃውን አትግዙ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለውጭ ዕቃ ብር ጠቅልሎ ማስቀመጥ አያዋጣም። እስክትጠራቅሙ ዋጋው ይቀድማችኋል። በየወሩ ትንሽ ስትተርፋችሁ ኬብሉን፣ ብሬከሩን፣ ሴፍቲ ቫልቩን እየገዛችሁ አስቀምጡ። ለዋናው ዕቃ ዕቁብ ግቡ። ዕጣው ከዘገየባችሁ ቀድሞ የወጣለትን ሰው ቀይረኝ በሉት። ሠርግ ካልደገሰ አብዛኛው ሰው እሺ ይላል።