ከተጠባባቂ ጀነሬተር ጭስ ማውጫ የሚንጠባጠብ ጥቁር ቅባት

የምከታተለው ተጠባባቂ ጀነሬተር 200 ኬቪኤ ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር እየዞረ 50 ኸርዝ ያመነጫል። የሚያገለግለው መብራት ሲጠፋ ብቻ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ያለ ጭነት ለሙከራ ያህል እየተነሣ በመጥፋት ነው።

አሁን ሲነሣ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አይጠራም፤ በቱርቦውና በጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይም ሲነካ የሚያሙለጨልጭ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጥቁር ቅባት ይንጠባጠባል። ከግማሽ በላይ ሲጫን ድምፁ ይታፈንና ወደ 47 ኸርዝ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ዘይቱ ነው፤ ከቀየርኩት በኋላም ቀጥኖ በመለኪያ ዘንጉ ላይ ከላይኛው ምልክት አልፏል፤ በናፍጣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ የክራንክ ሻፍቱን ቤሪንጎች ያስበላል።

የናፍጣና የአየር ፊልትሮዎቹን ቀይሬያለሁ፤ ከማጣሪያው ውኃ አፍስሼ ከናፍጣ መስመሩም አየር አስወጥቻለሁ፤ ለውጥ ግን የለም። አንድ ባለሙያ በሎድ ባንክ (ለጀነሬተር ሰው ሠራሽ ጭነት በሚሰጥ የመሞከሪያ መሣሪያ) 75 በመቶ ያህል ተጭኖ ለጥቂት ሰዓታት ቢሠራ ቅባቱ ተቃጥሎ ይጠራል ብሎኛል። ሆኖም ናፍጣው ወደ ዘይቱ የሚወርደው በተበላሸ ኢንጀክተር (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ክፍል) ወይም በተበላ የፒስተን ሪንግ ምክንያት ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ጭነት ጉዳቱን ያብሰዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ሎድ ባንክ ከማገናኘቴ በፊት፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ሳይፈታ፣ ችግሩ ያለ ጭነት ከመሥራት የመጣ ክምችት ብቻ ይሁን ወይስ የኢንጀክተር ወይም የሪንግ ብልሽት ለይቶ የሚያሳየኝ የትኛው ምርመራ ነው?