እናቴ «ሽልማት ደርሶሻል» ተብላ ኮድ ነገረቻቸው! ምን ላድርግ?

የአባይ ማዶ ልጅ
ቤተሰብ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ጋ ተደውሎ «በእጣ 250 ሺህ ብርና አንድ ባጃጅ ደርሶሻል» አሏት። ግብሩን 3,200 ብር እስከ 10 ሰዓት ካላስገባሽ ለተጠባባቂ ያልፋል ብለዋታል። ኮድ ልከውላት እሱንም ነግራቸዋለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ፤ እሷ ቤት ናት። ሰውዬው ሙሉ ስሟን ያውቃል፣ በጣም ትሁት ነው አለችኝ። ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን በምን ላጣራ?

ጣና ዳር
ባጃጇ ስትመጣ ከፓፒረስ እስከ ፔዳ በነፃ ታደርሰኛለህ አይደል?

የሽምብጧ
ፒን ቀይሩ። አሁኑኑ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብሔራዊ ሎተሪ እዚህ አገር ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ አለ። እጣ የሚደርሰው ትኬት ለቆረጠ ሰው ነው። እናትህ የቆረጠችው ትኬት የታለ? ሌላ ድርጅት ለደንበኞቹ እጣ ላውጣ ቢል እንኳ ፈቃድ መውሰድ አለበት። በደጉ ዘመን የወጡ እጣዎች በጋዜጣ ይታተሙ ነበር፣ እኛም ሰብሰብ ብለን ቁጥር እናመሳክር ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ...

ጣና ዳር
ጋሼ፣ 10 ሰዓት ሊሞላ ነው!

ጡረተኛው መምህር
እሺ፣ ላሳጥረው። የእጣ ግብር ከሽልማቱ ላይ ተቀንሶ ነው የሚቀረው። ከፋዩ ራሱ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። «መጀመሪያ ግብር ላኪ» የሚል እጣ የለም። በቃ።

ስልክ ጠጋኙ
የአባይ ማዶ ልጅ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። የምን ኮድ ነው? ማን ላከው? ስንት ቁጥር አለው? የቴሌብር ነው፣ የባንክ ነው፣ ወይስ የቴሌግራም? መፍትሔው ይለያያል።

የሽምብጧ
አልኩ እኮ፣ ፒን ቀይሩ።

ቆርኪ ሰብሳቢ
ሁሉንም ሌባ አታድርጉ እንጂ። እኔ በቆርኪ ጃንጥላም ቲሸርትም ወስጃለሁ፣ አንድም ብር አልከፈልኩም። ነፃ ስጦታ አለ።

ስልክ ጠጋኙ
ልዩነቱን ራስህ ተናገርከው። አንተ ቆርኪው በእጅህ ነበር፣ ሄደህ አሳየህ፣ ሳትከፍል ወሰድክ። እዚህ ቆርኪም የለም፣ የሚኬድበት ቢሮም የለም። ያለው ጥድፊያ ብቻ ነው። «እስከ 10 ሰዓት» የሚሏት ሰው እንዳታማክር ነው።

የአባይ ማዶ ልጅ
አሁን ሳልዘጋባት አስነበብኳት። ኮዱ ቴሌግራሟ ውስጥ ነው የመጣው፣ 5 ቁጥር ነው። የቴሌብር ፒን አልነገርኩም ትላለች። ግን ቁጥሩ የአገር ውስጥ ነው፣ በ09 ይጀምራል። ስሟንስ ከየት አመጡት?

ስልክ ጠጋኙ
09 መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ሲም ካርድ በሰው ስም ይወጣል፣ ይሸጣል። ስም ደግሞ ብር ለመላክ ቁጥሯን ሲያስገቡ ይወጣል፣ ይህን ማንም ማየት ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ማጣራቱን ተወው።

ያ ኮድ ወደ አካውንቷ መግቢያ ነው፣ የተነካው ቴሌግራሟ ነው። በሷ ስም ለእድርተኛውም ለዘመዱም «ብር አበድሩኝ» ሊሉ ነው። እንዲህ አድርግ፦ በሷ ስልክ ቴሌግራም፣ ቅንብር፣ «መሣሪያዎች» የሚለው ውስጥ ገብተህ ከዚህ ስልክ በስተቀር ሁሉንም አስወጣ የሚለውን ተጫን። አዲስ የገባ ሰው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀድሞ የነበረውን ስልክ ማስወጣት አይችልም። እሷ ግን እሱን ማስወጣት ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ ጉልበቱ የናንተ ነው፣ ነገ ግን ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያው የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አስገባ። ያኔ ኮዱን ቢያገኙም ብቻውን አያስገባቸውም።

የባንክ ወይም የቴሌብር ኮድም ሰጥታ ከሆነ ወደ ባንኳ፣ ለቴሌብር ደግሞ 127 ደውላ ታሳግድ።

ጣና ዳር
የኔን አክስት አካውንት የያዘው ሌባ «ልጄ ታሟል» ብሎ ለኔው ላከልኝ። ልጅ የላትም እኮ!

ቆርኪ ሰብሳቢ
ምን አለበት፣ ይህን ሁሉ ከማስተማር ስልኩን ቀምቶ ቁልፍ ያለው ቀፎ መግዛት ነው።

የአባይ ማዶ ልጅ
ተው እንጂ ወንድሜ። እናቴ ገበያ ላይ ስትነግድ ማንም አታልሏት አያውቅም። ስልኩ ነው አዲስ የሆነባት። ... ቆይ፣ እየደወልኩላት ነው፣ አሁን ደግሞ አታነሳም።

ስልክ ጠጋኙ
«ተይዟል» ካለህ እነሱ መስመር ላይ አቆይተዋታል። ብሩን እስክታስገባ አይለቋትም፣ አንተም እንዳታገኛት ነው። ጎረቤት ደውል፣ ሰው ቤት ድረስ ይሂድ።

የሽምብጧ
በዚያው ፒኑንም ቀይሩ።

ጡረተኛው መምህር
ስትደርስ አትጩህባት። ከተቆጣሃት ቀጣዩን ሳትነግርህ ነው የምትልከው።

የአባይ ማዶ ልጅ
ጎረቤታችን ሄደች። እኔም ወጥቻለሁ፣ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው።

ጣና ዳር
እሺ፣ ምን ሆነ?

ጣና ዳር
ልጁ ጠፋ። ባጃጇን እየነዳ ነው መሰል።

ፔዳ ተማሪ
በዚሁ ልጠይቅ። «ለበዓል 50 ጊጋ ነፃ፣ ለ10 ሰው ስታጋራ ይከፈትልሃል» የሚል ሊንክ ደርሶኛል። ሁሉም ሰው እያጋራው ነው።

ስልክ ጠጋኙ
የድርጅቱ የራሱ አድራሻ ነው ወይስ የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር? «ለ10 ሰው አጋራ» ያለህ አንተን በነፃ ሊያሠራህ ነው። ቅናሽ ካለ በድርጅቱ መተግበሪያ ውስጥ ታየዋለህ። ቁጥርህን አስገብተሃል?

ፔዳ ተማሪ
ኧረ 7 ሰው ጋ ደርሻለሁ፣ 3 ነው የቀረኝ።