ኦክሲቶሲን ተወግታም ማህፀኗ ካልጠነከረ

አዋላጅ ከወሎ፦ ጤና ይስጥልኝ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ፣ ከወሊድ በኋላ ማህፀን እንዲኮማተር የሚወጋው ኦክሲቶሲን ማዋለጃ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይውላል። 10 ዩኒት ተወግተውም ማህፀናቸው ላላ ብሎ የሚደሙ እናቶች አሉ። መድኃኒቱ ኃይሉን አጥቶ ይሆን?

ፋርማሲስቱ፦ በጣም ይቻላል፣ እህቴ። ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሙቀት ሲያዳክመው ፈሳሹ ጥርት እንዳለ ስለሚቆይ በዓይን አይለይም፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ስሙ በጉልህ በተጻፈበት የራሱ ሳጥን ይቀመጥ፤ ከክትባት ጋር መምታታት የለበትም። ለአንድ ፈረቃ የሚበቃውን ብቻ በቀዝቃዛ ሳጥን አውጡ። አምፑሉ በረዶውን አይንካ፣ መርጋትም ያበላሸዋል።

ሲስተር መ.፦ መድኃኒቱን ብቻ አትጠርጥሩ። ፊኛዋ ከሞላ ማህፀን በደንብ አይኮማተርም፤ መጀመሪያ ሽንቷ ይውጣ። እንግዴ ልጁን ዘርግታችሁ የጎደለ ቁራጭ ፈልጉ። ማህፀኗ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ደሙ ከቀጠለ መቀደድን ጠርጥሩ፣ የማህፀን በሩን ጭምር እዩ። ደሙንም በዓይን አትገምቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል፤ መለኪያ ባለው ፕላስቲክ ተቀበሉት። 500 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ማህፀኗን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ በደም ሥር ፈሳሽ (ግሉኮስ ሳይሆን ሴላይን ወይም ሪንገር)፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይጀመር። ትራኔክሳሚክ ከወለደች 3 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ሪፈሩንም (ወደ ሆስፒታል መላኩን) ጎን ለጎን ጀምሩ።

ፋርማሲስቱ፦ ፍሪጁ ጨርሶ ከሞተ ደም መፍሰስን ለመከላከል ማህፀን የሚያኮማትረው ኪኒን ሚሶፕሮስቶል 600 ማይክሮግራም፣ ማለትም ባለ 200 ሦስት ፍሬ፣ በአፍ። ማህፀን ውስጥ ሌላ መንታ አለመቅረቱን ሳታረጋግጡ ግን አትስጡ።