የቡና ማድረቂያዬ ፓተንት የማን ነው?

የቆጪ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ? እዚህ ጅማ ለማስተርስ መመረቂያዬ በፀሐይ የሚሠራ ቡና ማድረቂያ ሠርቻለሁ። ቆርቆሮና ፕላስቲክ ነው፣ ግን የአየር ማስገቢያውን ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ ዝናብ ሲመጣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በሩጫ መሸፈን ቀረ። አንድ ነጋዴ "ሽጥልኝ" እያለ መውጫ አሳጣኝ። ባለፈው ወር ግን ኮንፈረንስ ላይ አቅርቤዋለሁ። ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) አበቃለት ማለት ነው?

ብረት በያጁ፦ ኧረ አላበቃለትም! ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፣ ግን በፈጠራ አዋጁ፣ በአዋጅ 123/1987፣ ራስህ ይፋ ካወጣኸው 12 ወር ሳይሞላ ካመለከትክ አዲስነቱ አይነካም። አውሮፓ ግን እንዲህ ያለ እፎይታ የለም። ፓተንት ከከበደህ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት የሚባል፣ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ አለ፣ ለ5 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ለእንዳንተ ዓይነቱ ማሻሻያ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

አስቴር፦ የማን ነው ለሚለው፣ ተቀጥረህ በሥራህ የሠራኸው ከሆነ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የአሠሪህ ነው። ተማሪ ብቻ ከሆንክ የፈረምከውን ወረቀት ፈልግ፣ በተለይ የምርምር ብር ከወሰድክ። ሳትፈትሽ ለነጋዴው እንዳትፈርም።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ የእንዶዱን ነገር አትርሳ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን አሜሪካ ያለው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል በእንዶድ ለማጥፋት ፓተንት አወጣበት።

የቆጪ ልጅ፦ አመሰግናለሁ አባባ። ወረቀቱን ፍለጋ ልግባ፣ የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ።