ጉድጓድ ቆፍሬ ብስባሽ ጀመርኩ፣ ገማብኝ። ልድፈነው ወይስ ይተርፋል?

ጠያቂዋ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ናችሁ? ተከራይ ነኝ። አከራዬ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ሦስት በአራት የምትሆን ጓሮ «የፈለግሽውን ዝሪባት» ብለው ሰጡኝ። ቆስጣ፣ ሰላጣና ትንሽ ካሮት አለኝ። እኛ ሰፈር ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች በሳምንት አንዴ ነው የሚመጡት፣ እስከዚያ ፌስታሉን ውሻ ይዘረግፈዋል። እና ለምን አፈሩን አላበላውም ብዬ በሐምሌ አንድ ሜትር ጉድጓድ አስቆፈርኩ። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ወጥ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የምድጃ አመድ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ከተትኩበት። አሁን መስከረም ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው። ይገማል፣ ዝንቡ አይጣል ነው። ባለፈው ሌሊት ደግሞ ጅብ መጥቶ አጥሩን ሲነቀንቅ አደረ። አከራዬ «ልጄ፣ ይህን ነገር ድፈኚው» እያሉኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

የጣርማበር ልጅ
ኧረ እንዳትደፍኚው፣ ይተርፋል! ወሩን ነው የሳትሽው። በክረምት ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ውሃ ከሞላ አየር አይገባም፣ አየር ካልገባ ይገማል፣ በቃ። በክረምት ከመሬት በላይ ይከመራል፣ ጉድጓድ የበጋ ነው፣ እርጥበት ስለሚይዝልሽ። አሁን ጭቃውን በአካፋ አውጪው። መሬቱ ላይ ጭራሮ አንጥፊ፣ አየር በስር እንዲገባ። ከዚያ ጭቃውን ከጭድ ጋር እየደባለቅሽ ከምሪው። ጭዱ በዓይን ሲታይ ከልጣጩ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሁን። ልክ መሆኑን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ጭመቂው። ውሃ ከወረደው ጭድ ጨምሪ። እጅሽን ስትከፍቺ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፊ።

እናት ከመሐል ሜዳ
የኔ ልጅ፣ ጅቡን የጠራሽው በወጡ ነው። ቅባትና አጥንት ያለበትን ነገር ከመሬት በላይም ሆነ ከመሬት በታች አታስቀምጪ፣ ጨውም አለው፣ ለተክል አይሆንም። ደግሞ እኛ መንዝ ላይ ልጣጭ የበግ ነው፣ የጠላ አተላ የላም ነው፣ ፍርፋሪ የዶሮ ነው። የነሱን ፍግ ነው ለጎመን የምንሰጠው። አከራይሽ በግ ካላቸው መጀመሪያ እሱን ጠይቂ፣ በግ ከጉድጓድ ይሻላል። የተከመረውን በአሮጌ ዝተት ሸፍኚው፣ ሙቀቱን ይይዛል፣ ዝናቡንም ይከላከላል። እኔ የነተበ ዝተት ጣልኩ አላውቅም።

ጠያቂዋ
እማማ፣ በጎቹ አራት ናቸው፣ ልጣጩን ከነገ ጀምሮ ለነሱ እሰጣለሁ። ችግሩ አከራዬ የከብቱን እበት ኩበት ያደርጉታል፣ ለኔ የሚተርፈኝ አመድ ብቻ ነው። አመዱንስ እንዳለ ልጨምረው?

የቀድሞ የግብርና ሠራተኛ
እንዳለ አይጨመርም። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንስታለን። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭሱ ይሄዳል፣ አመዱ ውስጥ የሚቀረው እንደ ካልሲየምና ፖታሲየም ያለ ማዕድን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን አመድ ሲበዛ ክምሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል፣ ያ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። ስለዚህ በየንብርብሩ አንድ ሁለት እፍኝ ብቻ በትኚ። ድንች የምትተክዪበት መደብ ላይ ግን አትበትኚ፣ አመድ የበዛበት አፈር ለድንች እከክ ይመቻል። ኩበቱን በተመለከተ ማንም ሰው ምድጃውን አጥፍቶ ጎመን አያበቅልም፣ አከራይሽን አትጣያቸው። በረት ሲጠረግ የሚወጣው የበግ ፍግና ሽንት ያረጠበው ጭድ ግን አይነድም፣ እሱን ለምኚ። ለብስባሽ ከእሱ የሚሻል የለም።

ሌላው መጠኑ ነው። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ሜትር ካልሞላ አይሞቅም። አንድ ረዘም ያለ ዱላ መሃሉ ላይ ስኪ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አውጥተሽ ንኪው። ሞቅና ረጠብ ካለ እየሠራ ነው። ደርቆ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከገማ ገልብጪው። እንዲያውም በየሦስት ሳምንቱ ገልብጪው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ወር ታገሺ።

ሸዋሮቢቴው
6 ወር?! እኛ ጋ በ3 ወር አልቆ ቲማቲም ላይ ነው 😄 ሙቀት ይላክላችሁ? ቦታ ለጠበበው አንድ ነገር ልበል። የተቀደደ ማዳበሪያ ከረጢት አትጣሉ። አፈርና ብስባሽ ሙሉበት፣ መሃሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር አቁሙ፣ ውሃው በጠጠሩ በኩል ይወርዳል። ጎኑን እየበሳችሁ ቆስጣ ትከሉበት። ሃይላንዱንም አትጣሉ፣ ክዳኑን በመርፌ ብሱት፣ ቂጡን ቆርጣችሁ ከተክሉ አጠገብ ዘቅዝቃችሁ ቅበሩት፣ ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣል። ጫት የሚቃምበት ቤት ካለ ገራባውንም ጨምሩ።

የጣርማበር ልጅ
ገራባውን ተወው ወንድሜ፣ መድኃኒት የተረጨ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? እንጨቱም ቶሎ አይበሰብስም።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ቀረኝ። አጥሩ ዳር የባህር ዛፍ ቅጠል ሞልቷል፣ በጭድ ፈንታ ይሆናል? ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የዕቃ እጣቢ ባጠጣስ?

የቀድሞ የግብርና ሠራተኛ
የባህር ዛፍ ቅጠል አይሆንም። ቶሎ አይበሰብስም፣ ዘር እንዳይበቅልም ያደርጋል። አትክልትና ሩዝ ያጠብሽበትን ውሃ አጠጪ። ሳሙና የበዛበትንና በረኪና የነካውን ግን ድፊው፣ በተለይ ሰላጣ ላይ ነገ ጥሬውን ነው የምትበዪው። ውርጭም እየመጣ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ችግኙን በጭድ ወይም በከረጢት ሸፍኚ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጪው።

ጠያቂዋ (በጥር)
ተመለስኩ! ለምኜ በረቱን እኔ እየጠረግኩ ጭዱን ወሰድኩ። በኅዳር ጠዋት ጠዋት ክምሩ እንፋሎት ሲያወጣ አከራዬ ተቃጠለ ብለው ውሃ ይዘው መጡ 😂 አሁን ጠቁሮ ፍርክስክስ ብሏል፣ የሚሸተው እንደ ዝናብ አፈር ነው። ጅቡም አልተመለሰም። ሰላጣውን ግን አንድ ሌሊት ሳልሸፍነው ቀርቼ ውርጭ ጨረሰው። የመጀመሪያውን ባልዲ አከራዬ «ለጤና አዳሜ» ብለው ወሰዱት። የእንቁላል ቅርፊቱ ብቻ እንዳለ ነው፣ ለምን?

እናት ከመሐል ሜዳ
ሳትወቅጪው ጥለሽው ነዋ። ለቅመሽ አውጪውና በሙቀጫ አድቅቂው፣ ለዶሮ ይሆናል።